ዳታቤዝ ፎልደር አይደለም፦ በጥቁሩ መስኮት መረጃ ማሰስ ምን ያሳያል፣ ምን ይሰውራል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ጄሰን ሌምኪን የተባሉ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሀብት አንድ ያልተለመደ አቤቱታ ለሕዝብ አሰሙ። ሬፕሊት በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ መድረክ ላይ ለቀናት ሲያሠሩት የቆዩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ምንም ነገር እንዳይነካ በግልጽ ተነግሮት ሳለ በሥራ ላይ የነበረ ዳታቤዛቸውን ባዶ አደረገው። ከ1,200 በላይ የሥራ ኃላፊዎችን የያዘ መዝገብ ጠፋ። ረዳቱ «የጠፋውን መመለስ አይቻልም» ብሎም ነበር፤ ሲሞከር ግን ተመለሰ። የሬፕሊት ዋና ሥራ አስፈጻሚ አምጃድ ማሳድ ድርጊቱ ፈጽሞ ሊሆን የማይገባው እንደነበር አምነው፣ የሙከራው ዳታቤዝ ከእውነተኛው የሚለይበትን ለውጥ አስታወቁ።

ከዜናው በኋላ የተነሣው ወሬ ጉዳዩን ይበልጥ አደበላለቀው። ገሚሱ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በማሽኑ ላይ ጣለ። ገሚሱ ደግሞ በጽሑፍ ትዕዛዝ ዳታቤዝ መክፈት ድሮውንም አደጋ መጋበዝ ነው አለ። የረጅም ጊዜ ባለሙያዎች በበኩላቸው ሰዎች ይህንኑ ስሕተት ሲሠሩ መኖራቸውን አስታወሱ። የባለሙያዎቹ አስተያየት ለእውነት ይቀርባል፤ ነገር ግን ስሕተቱ ለምን እንደሚደጋገም አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ መልስ ከአንድ ልማድ ይነሣል፤ ይኸውም ዳታቤዝን እንደ ፎልደር የማየት ልማድ ነው። ይህ ልማድ መረጃውን የምንረዳበትን መንገድ ያጣምማል፤ የምንጠብቅበትንም እንዲሁ።

መስኮቱና ከጀርባው ያለው

ተርሚናል ጽሑፍ ብቻ ተቀብሎ ጽሑፍ ብቻ የሚመልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር መደብ ያለው መስኮት ነው። በውስጡ ሆኖ የምንጽፈውን ትዕዛዝ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። «ኤልኤስ» ብለን ስንጽፍ በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል፤ «ሲዲ» ወደ ሌላ ፎልደር ያስገባል፤ «ካት» የፋይሉን ይዘት ያወጣል፤ «ግሬፕ» የምንፈልገውን ቃል የያዙትን መስመሮች ይለያል። እነዚህ ትዕዛዞች በቤል ላቦራቶሪዎች ከተሠራው ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት የተወረሱ ናቸው። ትልቁ ጉልበታቸው እርስ በርስ መቀጣጠላቸው ነው። ከ1973 ጀምሮ በዩኒክስ ውስጥ ባለው «ፓይፕ» የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት ይሆናል።

ሪሌሽናል ዳታቤዝ የሚባለው መረጃን በሠንጠረዦች የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው። ለምሳሌ የአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ሦስት ሠንጠረዦች አሉት እንበል፦ ተማሪዎች፣ ኮርሶች፣ ምዝገባዎች። የተማሪው ስም የሚገኘው በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በምዝገባዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የተማሪው መለያ ቁጥር፣ የኮርሱ መለያ ቁጥርና ውጤቱ አሉ፤ ስም የለም። «ማን ምን አገኘ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሦስቱን በቁልፎቻቸው፣ ማለትም በመለያ ቁጥሮቹ፣ ማጋጠም ነው። ጥያቄው የሚጻፍበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል። በ1970ዎቹ በአይቢኤም ሲወለድ ስሙ «ሲክዌል» ነበር፤ ያ ስም የአንድ የብሪታንያ የአውሮፕላን ኩባንያ የንግድ ምልክት ሆኖ በመገኘቱ አጠረ።

እነዚህ ሁለት ዓለማት የሚገናኙት እያንዳንዱ ዳታቤዝ ይዞት በሚመጣው የራሱ ሼል ነው። ፖስትግሬስኪውኤል «ፒኤስኪውኤል» አለው፤ ማይኤስኪውኤል በራሱ ስም የሚጠራ ሼል አለው። ከስልክ እስከ ኢንተርኔት ማሰሻ በየቦታው ተደብቆ የሚገኘው ኤስኪውላይት ደግሞ «ኤስኪውላይት ሦስት» በሚል ትዕዛዝ ይከፈታል።

የሬጅስትራሩን ዳታቤዝ በፒኤስኪውኤል የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የዳታቤዙን ስምና ከጎኑ የተቀመጠ የእኩል ምልክት ነው። ባክስላሽ የምትባለዋን ወደ ኋላ ያጋደለች ሰረዝ፣ ቀጥሎም «ዲ» እና «ቲ» የሚሉትን ፊደላት ሲጽፍ የሦስቱ ሠንጠረዦች ስም ይዘረዘርለታል። «ቲ»ን ትቶ ከ«ዲ» በኋላ «ምዝገባዎች» ብሎ ቢጽፍ የሠንጠረዡ ዓምዶች ከነዓይነታቸው፣ ከግርጌውም የትኛው ዓምድ ከየትኛው ሠንጠረዥ ጋር እንደሚያያዝ ይታየዋል። ቀጥሎ የኤስኪውኤል ጥያቄ ጽፎ «ኢንተር»ን ይጫናል። ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል፤ አሁንም ዝም። ጀማሪ ዳታቤዙ የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። በትኩረት ቢያይ ግን የእኩል ምልክቷ ወደ ትንሽ ሰረዝ ተለውጣለች፤ ሼሉ «ገና አልጨረስክም» ማለቱ ነው። የኤስኪውኤል ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በሴሚኮለን (;) ነውና እርሷን እየጠበቀ ነው። በባክስላሽ የሚጀምሩት ትዕዛዞች ያለ ሴሚኮለን ሲሠሩ የኤስኪውኤል ጥያቄዎች ያለ እርሷ አይንቀሳቀሱም፤ ይህ ልዩነት በአንድ መስኮት ውስጥ ሁለት ቋንቋ እየተናገርን መሆኑን የሚያሳብቅ ነው።

ዝርዝሩም ራሱ መጠይቅ ነው

«ዲቲ» ስንጽፍ የሚመጣልን ዝርዝር ከ«ኤልኤስ» ዝርዝር ጋር በመልክ ይመሳሰላል። አመጣጡ ግን ሌላ ነው። ፒኤስኪውኤልን «ኢ» በሚል ትልቅ ፊደል ምርጫ የከፈተ ሰው ምስጢሩን ያየዋል፦ ከእያንዳንዱ ዝርዝር በፊት ሼሉ በስውር ለዳታቤዙ የላከው ረጅም የኤስኪውኤል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሁለት ፊደል ብቻ የጻፍነው ሼሉ ብዙ መስመር ስለጻፈልን ነው።

ይህ የሚሆነው ዳታቤዙ ስለ ራሱ ያለውን እውቀት፣ ማለትም ምን ሠንጠረዥ፣ ምን ዓምድና ማን ምን ፈቃድ እንዳለው፣ የሚያስቀምጠው በሌሎች ሠንጠረዦች ስለሆነ ነው። ይህ የሠንጠረዦች ስብስብ ካታሎግ ይባላል። የሪሌሽናል ሞዴል አባት የሆኑት ኤድጋር ኮድ በ1985 አንድ ዳታቤዝ «ሪሌሽናል ነኝ» ለማለት ሊያሟላቸው የሚገቡ ደንቦችን ሲያወጡ፣ የዳታቤዙ መግለጫ ልክ እንደ ተራ መረጃ በሠንጠረዥ ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ ሊጠየቅ ይገባል የሚል ደንብ አስገብተዋል። በኋላ የ1992ቱ የኤስኪውኤል ደረጃ «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» የሚባል የጋራ ካታሎግ ደነገገ። ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል ይህን ተቀብለዋል፤ ኦራክልና ኤስኪውላይት ግን የየራሳቸውን መንገድ ይከተላሉ።

ተግባራዊ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። የሼሎቹ አጫጭር ትዕዛዞች ከዳታቤዝ ወደ ዳታቤዝ ይለያያሉ፦ በአንዱ ባክስላሽ ዲቲ፣ በሌላው «ሾው ቴብልስ»፣ በኤስኪውላይት ደግሞ ነጥብ አስቀድሞ «ቴብልስ»። እነዚህን የሸመደደ ሰው ሌላ ዳታቤዝ ፊት ሲቀመጥ እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ካታሎግን መጠየቅ የለመደ ሰው ግን «የተማሪ መለያ የሚባል ዓምድ በየትኞቹ ሠንጠረዦች ውስጥ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሁለት መቶ ሠንጠረዥ ባለበት መሥሪያ ቤት ይህ አንድ ጥያቄ የአንድ ቀን ፍለጋ ያስቀራል፤ በስልጠናዎች ላይ ቶሎ የሚታለፈውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ዛፍና ሠንጠረዥ፦ የቆየ ጠብ

ዳታቤዝን እንደ ፎልደር ለማሰስ የሚያስችሉ መሣሪያዎች አዲስ አይደሉም፤ በቅርብ ዓመታት ግን እንደገና ተወደዋል። ሐሳባቸው የሚማርክ ነው፦ ዳታቤዙ ትልቅ ፎልደር፣ ሠንጠረዦቹ በውስጡ ያሉ ንዑስ ፎልደሮች፣ ረድፎቹም ፋይሎች ይሁኑ፤ ከዚያ «ሲዲ» ብለን እንገባለን፣ «ኤልኤስ» ብለን እንዘረዝራለን፣ «ካት» ብለን እናነባለን። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች የሼል ትዕዛዝ በደንብ ስለሚያውቁ ሐሳቡ አዲስ ደጋፊ አግኝቷል። አዲስ ቋንቋና አዲስ መሣሪያ ከማስተማር የሚያውቁትን መስጠት ይሻላል ይላሉ ደጋፊዎቹ።

ነገር ግን ፎልደር ዛፍ ነው። አንድ ፋይል አንድ ወላጅ ብቻ አለው፤ ወደ እርሱ የሚወስደውም አንድ ዋና መንገድ ነው። የሬጅስትራሩን መረጃ ወደ ዛፍ እንለውጠው ብንል ወዲያውኑ ምርጫ ይገጥመናል፦ ምዝገባዎቹን ከተማሪው ሥር እናስቀምጥ ወይስ ከኮርሱ ሥር? ከተማሪው ሥር ካደረግን «ይህ ተማሪ ምን ተማረ?» የሚለው በአንድ «ኤልኤስ» ይመለሳል፤ «ይህን ኮርስ እነማን ወሰዱ?» ለሚለው ግን የሁሉንም ተማሪ ፎልደር እየከፈቱ መዞር ነው። ከኮርሱ ሥር ካደረግን ችግሩ ይገለበጣል እንጂ አይጠፋም። ዛፉን የተከለው ሰው የትኛው ጥያቄ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሚሆን ለሁላችንም አስቀድሞ ወስኖልናል።

ይህ ሙግት ግማሽ ክፍለ ዘመን ያለፈው ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ ለአፖሎ የጠፈር ፕሮግራም ዕቃዎች ዝርዝር ብሎ መሥራት የጀመረው አይኤምኤስ የተባለው ሥርዓት መረጃን በዛፍ ያስቀምጥ ነበር። ቻርልስ ባክማን በበኩላቸው ረድፎች እንደ መረብ እየተያያዙ ፕሮግራመሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጓዝበትን መንገድ ቀየሱ፤ በ1973 በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግርም ፕሮግራመሩን ከመርከብ መሪ ጋር አመሳሰሉት። ኮድ በ1970 ያቀረቡት ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ተጠቃሚው መንገዱን ሳይሆን የሚፈልገውን ይናገር፤ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ። ሁለቱ ወገኖች በ1974 በጉባኤ ፊት ለፊት ተከራክረዋል። በገበያው ውስጥ ያሸነፈው የኮድ ወገን ሲሆን እርሳቸውም በ1981 ያንኑ ሽልማት ወሰዱ። ዛሬ «ሲዲ» እያልን በዳታቤዝ ውስጥ የምንዞርበት መሣሪያ ስንሠራ የባክማንን መርከበኛ ከጡረታ እየጠራነው ነው።

እዚህ ላይ ለሼል ወዳጆች ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ሼልና ሪሌሽናል ሐሳብ የግድ ጠላቶች አይደሉም። በ1998 ካርሎ ስትሮትሲ የተባለ ጣሊያናዊ ሠንጠረዦችን በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚያስቀምጥና በሼል ትዕዛዞች ቅጥልጥል ብቻ የሚሠራ ዳታቤዝ ሠራ። ሪሌሽናል ነበር፤ የሌለው የኤስኪውኤል ቋንቋ ብቻ ነው። ስሙን «ኖኤስኪውኤል» አለው። ከአሥር ዓመት በኋላ ይኸው ቃል ሪሌሽናል ላልሆኑ ዳታቤዞች መጠሪያ ሆኖ ተስፋፋ፤ ዛሬ ቃሉን የሚጠቀሙ አብዛኞቹ ሰዎች ከመጀመሪያ ትርጉሙ ጋር ተቃራኒ በሆነ ነገር ላይ እንደሚለጥፉት አያውቁም። የስትሮትሲ ሥራ የሚያሳየን ችግሩ የሼሉ ትዕዛዝ አለመሆኑን ነው። በዩኒክስ ውስጥ ሁለት ፋይሎችን በጋራ ዓምድ የሚያጋጥም «ጆይን» የሚባል ትዕዛዝ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ፋይሎቹ አስቀድመው በፊደል ተራ ይደርደሩለት እንጂ ሥራውን ይሠራል። ጉዳቱ የሚመጣው ሠንጠረዥን እንደ ፎልደር ስናይ ነው፤ ያኔ ማጋጠም ከአእምሯችን ይወጣል፣ መዞር ብቻ ይቀራል።

የግዕዝ ፊደልና አሥራ ሦስተኛው ወር

በአማርኛ የተሞላ ዳታቤዝ ሲታሰስ ሌላ የሚሰወር ነገር ይጨመራል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ደረጃ ውስጥ ስላለ መቀመጥ አይቸግረውም። ማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ ኤይት» ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲያቀርበው የነበረው ለአንድ ፊደል እስከ ሦስት ባይት ብቻ የሚፈቅድ አጻጻፍ እንኳ ይበቃዋል፤ የተለመደው የግዕዝ ፊደል የሚፈልገው ልክ ሦስት ባይት ነውና። ተርሚናል ላይ ሲወጣ ፊደሎቹ ከላቲኑ ስለሚሰፉ ዓምዶቹ ይንሸራተቱና ሠንጠረዡ የተቀደደ አጥር ይመስላል። ይህ ለዓይን ይከብዳል እንጂ ጉዳት የለውም። በማይኤስኪውኤል ባክስላሽና ትልቁን «ጂ»፣ በፒኤስኪውኤል ባክስላሽና «ኤክስ»ን የሚጠቀም ሰው እያንዳንዱን ረድፍ ቁልቁል ተዘርግቶ ስለሚያገኘው ይገላገላል።

ከባዱ ፍለጋው ነው። አንድ ሠራተኛ «ኃይሉ» የሚል ስም ቢፈልግ ኮምፒውተሩ የሚያመጣለት በዚያው «ኃ» የተጻፉትን ብቻ ነው። «ሃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ኀይሉ» ተብለው የተመዘገቡት በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ እያሉ አይገኙም፤ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። «ግሬፕ»ም ሆነ የኤስኪውኤሉ «ላይክ» ከዚህ አያድኑም። በፊደል ተራ ስናስደረድር ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ ውስጥ ተራርቀው ስለተቀመጡ እነዚህ ስሞች በገጾች ይለያያሉ። ዘላቂው መላ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ የመፈለጊያ ዓምድ ማበጀት ነው። ባዶ ውጤት ያየ ሰው ግን «የለም» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ከዚያ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ይመዘገባል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን በአሐዝ «2016፣ 13፣ 05» ብለን በቀን ዓምድ ውስጥ ለማስገባት ብንሞክር ፖስትግሬስኪውኤል አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሰናል። ጥቅምት 30ም እንዲሁ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ወር ለእርሱ ፌብሩዋሪ ነው። ኤስኪውላይት ግን የተለየ የቀን ዓይነት ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ የአሥራ ሦስተኛው ወር ችግር የሚታወቀው በኋላ በቀን ስሌት ሲሠራበትና ስሌቱ ባዶ ሲመልስ ነው። ይህም ሆኖ እምቢ የተባለው ቀን ቢያንስ ያነቃል። የሚያሳስበው እምቢ ያልተባለው ነው። በአምስተኛው ወር አሥረኛ ቀን 2016 ተብሎ የተጻፈ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬድ ነው፤ በጥቁሩ መስኮት ረድፎቹን ቁልቁል የሚያነብ ሰው ጥር ይሁን ሜይ፣ የቅርቡ ይሁን ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ የቀደመው፣ ከዓምዱ ብቻ አይለየውም። ማሰስ ዋጋውን ያሳየናል፤ የዋጋውን ትርጉም ግን መዝጋቢው ሌላ ቦታ ካልጻፈው አያሳየንም።

ማየትና ማጥፋት በአንድ በር

ከሁሉ የከፋው የፎልደር ልማድ የሚታየው በደኅንነት ላይ ነው። በሼሉ ውስጥ ረድፍ የሚያሳየው «ሴሌክት»፣ ረድፍ የሚያጠፋው «ዲሊት»፣ ሠንጠረዡን ከነመሠረቱ የሚነቅለው «ድሮፕ» የሚገቡት በአንዱ መስኮት፣ በአንዱ የፊደል ገበታ፣ በአንዷ ሴሚኮለን ነው። «እርግጠኛ ነህ?» የሚል የለም። የ«ዲሊት» ዓረፍተ ነገር የትኞቹ ረድፎች እንደሚጠፉ የሚወስነውን «ዌር» የሚለውን ሐረግ ይዞ መምጣት ይኖርበታል። ሐረጉ ከተረሳ ግን ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት አይሆንም፤ «ሁሉንም» ማለት ይሆናል።

ይህን አደጋ የሠሪዎቹ ቀልድ ራሱ ይመሰክራል። የማይኤስኪውኤል ሼል «ዌር» ወይም የብዛት ገደብ የሌለው ለውጥና ስረዛ የሚከለክል፣ የሚታዩትንም ረድፎች በ1,000 የሚወስን ምርጫ አለው። መደበኛ ስሙ «ሴፍ አፕዴትስ» ሲሆን ሁለተኛ ስሙ በአማርኛ «እኔ ጅል ነኝ» እንደማለት ነው። ስሙ ያስቃል፤ ነገር ግን ጥበቃውን የሚፈልግ ሰው ራሱን እንዲሰድብ የሚያደርግ ንድፍ ብዙ ተከታይ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ከዚህ የሚሻለው ልማድ ትራንዛክሽን ነው፤ ማለትም ብዙ ለውጦችን አንድ ላይ አስሮ እስኪጸድቁ ድረስ በይደር ማቆየት። «ቢጊን» ብሎ የጀመረ ሰው ስረዛውን ከፈጸመ በኋላ ሼሉ ስንት ረድፍ እንደተነካ ይነግረዋል። ሦስት ረድፍ ጠብቆ አርባ ሺህ ካየ «ሮልባክ» ይላል፤ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። «ኮሚት» ካለ ግን አለቀ። ይህን በር የሚዘጋው ነባሪ አሠራሩ ነው፦ ፒኤስኪውኤልም ሆነ የማይኤስኪውኤል ሼል «ቢጊን» ካልተባሉ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወዲያውኑ ያጸድቃሉ።

ትራንዛክሽን እንኳ የማያድንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ዳታቤዙ በእርግጥ ፎልደር ሆኖ ሲገኝ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ጊትላብ በተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ኩባንያ የሆነው ይህ ነው። ኩባንያው ሁለት የፖስትግሬስኪውኤል ሰርቨሮች ነበሩት፤ ዋናውና እርሱን የሚከተል ቅጂ። ቅጂው ወደ ኋላ ስለቀረ አንድ መሐንዲስ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው የቅጂውን የመረጃ ፎልደር ማጥፋት ፈለገ። ትዕዛዙን የጻፈው ግን በዋናው ሰርቨር መስኮት ነበር። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ነቃና አስቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ያህል ነው። በዚያ ደረጃ «ዌር» የለም፣ «ሮልባክ» የለም፤ ለሼሉ የዓመታት ሥራ ማለት የፋይሎች ክምር ነው።

ቀጥሎ የተገለጠው ይብሳል። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው መጠባበቂያ ቅጂ ለካ አይወሰድም ነበር፤ የመገልበጫው ፕሮግራም ሥሪት 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው በየቀኑ ይከሽፋል፤ የክሽፈቱ ማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ተቀባይ ሰርቨሩ ስለማይቀበለው ለማንም አይደርስም። ኩባንያውን ያዳነው ያው መሐንዲስ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። በመካከሉ የነበሩት ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 አዲስ ተጠቃሚዎች መዝገብ አልተመለሰም። ጊትላብ የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት ማሳየቱ፣ የስሕተቱንም ዝርዝር ሳይደብቅ ማውጣቱ በሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀስለታል።

መስኮቱን መዝጋት መፍትሔ ነውን?

ከእነዚህ ታሪኮች ተነሥቶ ሠራተኛ ሁሉ በሥዕላዊ መሣሪያ፣ ማለትም በመዳፊት እየተጫነ እንዲሠራ ማድረግ ይሻላል የሚል ወገን አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሥዕላዊ መሣሪያ ከማጥፋት በፊት ይጠይቃል፤ የሠንጠረዦችን ዝምድና በሥዕል ያሳያል፤ ጀማሪን አያስፈራም። የሼል ወገን በበኩሉ የሚያነሣቸው ነጥቦች አሉት። ትዕዛዝ ጽሑፍ ስለሆነ ተቀምጦ ይመረመራል፣ ነገ ይደገማል፣ ለባልደረባ ይላካል፤ በደካማ የኢንተርኔት መስመር ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለመሥራትም ከከባድ ሥዕል ይልቅ ጥቂት ፊደላት ይሻላሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ባለሙያ ክብደት አለው። በተጻራሪው፣ የተቀመጠ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። ሼሎቹ የተጻፈውን አብዛኛውን ጊዜ በታሪክ ፋይል ይይዛሉ፤ የይለፍ ቃሉን በትዕዛዙ መስመር ላይ የጻፈ ሰው እዚያው ትቶት ይሄዳል።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ግን ዳታቤዙ ማን በምን መስኮት እንደመጣ የማይጠይቅ መሆኑን ነው። የሚያውቀው የገባበትን አካውንትና የአካውንቱን ፈቃድ ብቻ ነው። ሁሉን የሚችል አካውንት በሥዕላዊ መሣሪያም ሁሉን ያጠፋል። «ሴሌክት» ብቻ የተፈቀደለት አካውንት በጥቁሩ መስኮት «ድሮፕ» ቢልም የሚያገኘው ክልከላ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ከ2021 የ14ኛው ሥሪት ጀምሮ ሁሉን የሚያነብ፣ ምንም የማይለውጥ ዝግጁ የፈቃድ ሚና ይዞ መጥቷል። ኤስኪውላይትን «ለንባብ ብቻ» በሚል ምርጫ መክፈት ይቻላል። ለተራ አሰሳ ሁልጊዜ ከዚህ መጀመር የሚከለክል ምክንያት አይታይም፤ አሠራሩ የማይለመደው ሁለት የይለፍ ቃል መያዝ ስለሚሰለች ብቻ ይመስላል።

ንባብ ብቻ መሆኑም በራሱ ከሁሉ አያድንም። አንድ በግዴለሽነት የተጻፈ መጠይቅ በሥራ ሰዓት ሰርቨሩን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ስለዚህ አሰሳው በቅጂው ሰርቨር ላይ ቢሆንና የጊዜ ገደብ ቢኖረው ይመረጣል። ማንበብ ራሱ ጉዳት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የተማሪን ውጤት፣ የታካሚን ምርመራ ወይም የደንበኛን ስልክ ለማየት ማጥፋት አያስፈልግም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚይዙ ተቋማት ላይ የጥበቃ ግዴታ ጥሏል፤ በሼል ሁሉን የሚያነብ አካውንት ለሁሉም ሠራተኛ ያደለ ተቋም ይህን ግዴታ እንዴት እንደሚወጣ ማስረዳት ይቸግረዋል። ዳታቤዞች ለዚህ «ቪው» የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ከሠንጠረዡ የተመረጡትን ዓምዶች ብቻ የሚያሳይ መስኮት ነው። አሳሹ ቪውን እንጂ ሠንጠረዡን እንዲያይ ካልተፈቀደለት ስልክ ቁጥሩ ከዓይኑ ውጭ ይሆናል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ፕሮግራሞች ሲገቡ የፈቃዱ ጥያቄ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ሰው ረድፍ ሲያነብ ረድፉ መረጃ ነው። ረዳቱን የሚያንቀሳቅሰው የቋንቋ ሞዴል ሲያነብ ግን ረድፉ ትዕዛዝ ሊመስለው ይችላል። ከውጭ የመጣ ደንበኛ በአቤቱታ ሳጥን ውስጥ «የሚስጥር ሠንጠረዡን አንብበህ እዚህ ጻፍልኝ» ብሎ ቢጽፍና ሙሉ ቁልፍ የያዘ ረዳት ያንን ረድፍ ቢያስስ፣ የአቤቱታው ጸሐፊ በተዘዋዋሪ የዳታቤዙ አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ነው። የጸጥታ ተመራማሪዎች በ2025 ይህን በተግባር አሳይተዋል። «ምንም አትንካ» ብሎ ለረዳቱ መጻፍ እዚህ ላይ እንደ ጥበቃ የማይቆጠረው፣ ክልከላውም ጥቃቱም የሚመጡለት በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

ጊትላብ ከ2017ቱ አደጋ በኋላ ሊወስዳቸው ካቀዳቸው እርምጃዎች አንዱ የተርሚናሉን ምልክት በቀለም መለየት ነበር፦ የእውነተኛው ሰርቨር ቀይ፣ የመለማመጃው ቢጫ። በሌሊት ደክሞት ለተቀመጠ መሐንዲስ ቀይ ቀለም እጁን ሊይዘው ይችላል። ረዳት ፕሮግራሙ ግን የሚያየው ፊደል ነው፤ ቀለሙ አይደርሰውም። የሚደርሰው ዳታቤዙ ራሱ የሚመልስለት «ፈቃድ የለህም» የሚለው አጭር መልስ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚመጣው አካውንቱን የከፈተው ሰው አስቀድሞ ከልክሎት እንደሆነ ብቻ ነው።